ምክራችን የተጠየቀ ዕለት

አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል። ሰው ሁሉ «እማማ ጥሩ፣ እስቲ የጣሊያንን ጊዜ ያጫውቱን» ይለኛል። የሚጠብቁት የጦር ወሬ ነው። እኔ ግን ከዚያ ዘመን ሁሉ አልረሳ ያለኝ አንድ ስብሰባ ነው። ጥይት አልተተኮሰበትም፣ ሰው አልሞተበትም። ድንኳን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠን ከጠዋት እስከ ምሳ የዋልንበት ስብሰባ ነው። ባስታወስኩት ቁጥር መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ቀጥሎ ያበሽቀኛል። ከዚያ ዕለት በኋላ ግን የድሮዋ ጥሩወርቅ መሆን አቃተኝ።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። ባሌ ከዘማቹ ጋር ወደ ሰሜን ሄዶ አልተመለሰም። ግራ እግሬ በልጅነቴ ከበቅሎ ወድቄ ተሰብሮ ሳይቃና ስለ ጠገገ አነክሳለሁ። ደብረ ታቦር፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ጥጥ ፈትዬ አድራለሁ። ጎረቤት አይጠላኝም፤ ለቅሶም ሆነ ሰርግ አይቀርብኝም። ነገር ግን ሰው ተሰብስቦ ስለ ሰፈሩ ጉዳይ ሲመክር «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለኝ ሰው አላስታውስም። እኔም አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ ጠብቄ አላውቅም።

ከሰፈራችን ዝቅ ብላ አንዲት ምንጭ ነበረች። ከተማው ግማሹ የሚጠጣው ከእሷ ነው። ጣሊያኖች ሲመጡ ምሽጋቸውን ልክ ከምንጯ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ «በእሾህ ሽቦ ሊያጥሯት ነው» የሚል ወሬ ወጣ። እሷ ከታጠረች ያለው ውሃ ገደሉ ሥር ያለው ወንዝ ብቻ ነው። ጤነኛ ሴት እንኳ እንስራ አዝላ ያንን ገደል ስትወጣ ሦስት ቦታ ቁጭ ትላለች። እኔማ በዚህ እግሬ መውረዱ ቢሆንልኝ መውጣቱ አይሆንልኝም። በዚህ ስጨነቅ ሳለሁ ነው ባሻ ደምሴ ደጄ ላይ የቆመው።

ባሻ ደምሴ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነው። ጥቁር ኮትና ከእግሩ የሚሰፋ ቦት ጫማ ያደርጋል።

«ጥሩወርቅ፣ መንግሥት ምክርሽን ይፈልጋል» አለኝ።

«የቱ መንግሥት?» አልኩት። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

ግራና ቀኝ አየ። «ስንት መንግሥት አለሽ አንቺ? ስሚኝ፣ ከጎንደር አንድ ኮሎኔል ይመጣል። አዲሱ መንግሥት ደካሞችን ሳያማክር ምንም ነገር እንደማያደርግ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ የምሽጉ አዛዥ ካፒታኖው አንድ ዕውር፣ አንድ ቆማጣ፣ አንድ አሮጊት፣ አንድ ባልቴት፣ አንድ አንካሳ፣ አንድ ዲዳ እንዳቀርብ አዞኛል።»

«ታዲያ እኔን ለባልቴትነቴ ነው ለአንካሳነቴ?»

ባሻ አሰብ አደረገና ፊቱ በራ። «ለሁለቱም! አንድ ወንበር ተረፈን ማለት ነው።»

«ስለ ምን ጉዳይ ነው የምንመክረው?»

«እሱን እዚያው ይነግሯችኋል።»

«ሳላውቀው ምን ብዬ እመክራለሁ፣ ባሻ?»

«አትጨነቂ፤» አለኝ በደግነት፣ «ምክርሽን እኔ አስጠናሻለሁ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከምሽጉ ደጅ ባለው ሜዳ ላይ ሰበሰበን። ከእኔ ሌላ አያ ታፈረ ነበሩ፤ ዓይናቸው አያይም፣ ገመድ እየገመዱ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። እትዬ ዘሃራ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ገበያ ላይ ጨውና ጨርቅ የሚነግዱ፣ እርጅና ወገባቸውን ያጎበጠው እንጂ ምላሳቸውን ያልነካው እናት። ከሁላችን ራቅ ብለው ደግሞ ጋሽ ንጉሤ ቆመዋል። ቁምጥና ጣቶቻቸውን ስለ በላው ከከተማው በታች ከመሰሎቻቸው ጋር በጎጆ ይኖራሉ። ወደ እኛ ቀረብ ሲሉ ባሻ በእጁ «እዚያው» ይላቸዋል።

አምስተኛው ዲዳው ነው። ጠና ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጉንጩ በጉና ተራራ ብርድ የቀላ ገበሬ ነው።

እትዬ ዘሃራ ጆሮዬ ሥር ጠጋ አሉ። «ይኸ ደግሞ ምኑ ነው ዲዳ? በቀደም ገብስ ሲሸጥ ከልጄ ጋር ሲጨቃጨቅ ገበያውን አደንቁሮት ነበር።»

ነገሩ በኋላ ገባን። በከተማው የነበረው አንድ ዲዳ፣ ወታደር ሲመጣበት አይቶ ወደ እብናት ሸሽቷል። ባሻም ሲጨንቀው የሚስቱን ወንድም ደሳለኝን፣ ገብስ ሊሸጥ መጥቶ እህቱ ቤት ያረፈውን፣ «አንድ ቀን አፍህን ዝጋልኝ» ብሎ አመጣው። እያንዳንዳችን አወቅን፣ እያንዳንዳችን ዝም አልን። በዚያ ዘመን ሰው አሳልፎ መስጠት ቀላል ነገር አልነበረም።

ልምምዱ ተጀመረ። ባሻ ኮሎኔሉን ሆኖ ይጠይቀናል፣ እኛ «መልካም ነው፣ መንግሥት ይመስገን» እንላለን። አያ ታፈረ «ምኑ ነው መልካሙ?» ብለው ሲጠይቁ «አያ ታፈረ፣ እርስዎ የሚመልሱ እንጂ የሚጠይቁ አይደሉም» አላቸው።

ቀጥሎ ካፒታኖው ራሱ መጣ። አዲስ ነጠላ አልብሰውን ነበርና አየንና ራሱን ነቀነቀ። ባሻ አስተረጎመልን፤ «ደካማ አትመስሉም ይላል። አውልቁ።» አወለቅን። የራሳችንን አሮጌ ለብሰን ስንቆም ካፒታኖው አፍንጫውን ያዘ። «እንዲህ ሆናችሁማ ከኮሎኔሉ ፊት አትቀርቡም ይላል። መልሳችሁ ልበሱ።» መልሰን ለበስን። በመጨረሻ ነጠላው አዲስ ሆኖ አመድ ትንሽ እንዲነሰነስበት ተስማሙ። ስለ ምንጯ ያልመከሩትን ያህል ስለ ነጠላችን መከሩ።

የስብሰባው ጠዋት ወደ ድንኳኑ ስሄድ በምንጯ በኩል አለፍኩ። እንጨቱ ዙሪያዋን ተተክሏል። ሽቦው ተጠቅልሎ ከመኪና ተራግፏል። አንድ ወታደር ጉድጓድ እየደለደለ ያፏጫል። ለምክር የተጠራንበት ጉዳይ ምን እንደ ሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ነገሩ እንዳለቀም የገባኝ ያኔ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ አራት ወንበር በተርታ ተደርድሯል። የጋሽ ንጉሤ ወንበር ከድንኳኑ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ለፎቶግራፉ ያስፈልጋሉ፤ ለምክሩ ግን ሊቀርቧቸው የደፈረ የለም። ከገመድ ወዲያ የከተማው ሰው ተሰብስቦ ያያል። ከኋላችን ጠመንጃ የያዘ አንድ አስካሪ ቆሟል። ከባሕሩ ዳር አገር የመጣ፣ ለጣሊያን ያደረ ጥቁር ወታደር ነው፤ የእኛም ቋንቋ ጣሊያንኛውም ይገባዋል።

ኮሎኔሉ ገባ። ወፍራም፣ ፊቱ የሚስቅ፣ ክፉ የማይመስል ሰው ነው። ፎቶ አንሺው አያ ታፈረን «ወደዚህ ተመልከት በሉት» አለ። ባሻ አስተረጎመላቸው። አያ ታፈረም «የት ጋ ነው ያለው እሱ?» ብለው ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ዞሩ። እንደዚያው ሆነው ፎቶ ተነሱ።

ከዚያ ኮሎኔሉ ተናገረ፣ ባሻ ተረጎመ፦

«መንግሥታችን ያለ ደካሞች ምክር አይወስንም። ይህች ምንጭ ለጤናችሁ ሲባል ትታጠራለች። ውሃዋ ለወታደርና ለበቅሎ ይሆናል። እናንተ ከወንዝ ትቀዳላችሁ። በዚህ ላይ ሐሳባችሁን በነፃነት ተናገሩ።»

ባሻ ቅንድቡን አነሳብን። «መልካም ነው» የምንልበት ጊዜ መሆኑ ነው።

እትዬ ዘሃራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እኔ ለሶላቴ የምታጠበው ከዚያች ምንጭ በመጣ ውሃ ነው። ከወንዝ ማን ሊያመጣልኝ ነው? አንተ ታመጣልኛለህ?»

የባሻ ፊት ጠቆረ። ወደ ኮሎኔሉ ዞሮ አጠር አድርጎ ተናገረ። ኮሎኔሉ በፈገግታ «ቤኔ! ቤኔ!» አለ፤ መልካም፣ መልካም ማለቱ ነው።

አያ ታፈረ ቀጠሉ። «የምንጯን መንገድ እግሬ ያውቀዋል። ገደሉን አያውቀውም። ዓይን ያለው በሚንሸራተትበት እኔ እንዴት እወርዳለሁ? ሽቦውንስ ደረቴ ላይ ሲሰካ ካልሆነ በምን አውቀዋለሁ?»

ባሻ በዚህ ጊዜ እጁን እያወናጨፈ ረዘም አድርጎ ተረጎመ። ኮሎኔሉ አጨበጨበ። ካፒታኖውም አጨበጨበ። እኛ እርስ በርስ ተያየን። በተቃወምን ቁጥር ሰውዬው ደስታው ይጨምራል።

ተራው የእኔ ሆነ። ወንበሩን ተደግፌ ተነሣሁ። በሕይወቴ ሰው ፊት ቆሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ጌታዬ፣ ሽቦው ዛሬ ጠዋት ምንጯ አጠገብ ተራግፎ አይቻለሁ። እንጨቱም ተተክሏል። ሰው ምክር የሚጠየቀው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው እንዴ?»

ባሻ ተረጎመ። ከኋላዬ አስካሪው ሳል ያዘው፤ ሳሉ ግን ሳቅ ሳቅ ይላል። ኮሎኔሉ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ። በኋላ አስካሪው ሲነግረኝ፣ ባሻ ሲተረጉመው እኔ የተናገርኩት «ሽቦው በጣም ያምራል፣ ቶሎ በመድረሱ ደስ ብሎናል» የሚል ነበር።

ጋሽ ንጉሤ ከውጭ ሆነው ጮኹ። «እኛ ከምንጯ አንቀዳም! ከታች የሚፈሰውን ትርፉን ነው የምንጠጣው! እሱንም ለበቅሎ ልትሰጡት ነው?»

ኮሎኔሉ ምን እንዳሉ ጠየቀ። ባሻ «ከሩቅ ሆኖ ሰላምታ ያቀርባል» አለው። ኮሎኔሉም እጁን አውለበለበላቸው። እኔ ጋሽ ንጉሤን አየሁ። የተውለበለበውን እጅ ትኩር ብለው ተመለከቱና አንገታቸውን ደፉ። ያቺን አንገት መድፋት እስከ ዛሬ አልረሳትም።

የቀረው ዲዳው ብቻ ነው። ባሻ «ይኸ እንኳ አይናገርም፣ አይሰማም» ብሎ ሊያልፈው ፈለገ። ኮሎኔሉ ግን ደግ ሰው ነኝ ብሏልና እምቢ አለ። ቃል ካልገባው በምልክት ላስረዳው ብሎ ተነሣ። በመጀመሪያ የምንጯን ውሃ አፈሳሰስ በእጁ አሳየ። ቀጥሎ አጥሩን፤ እጁን አጣምሮ «የለም» አለ። ከዚያ እንስራ ያዘለች ሴት ሆነ። ወገቡን አጎነበሰ፣ ገደሉን ወረደ፣ ቀዳ፣ እያለከለከ ተመለሰ። ወፍራም ስለሆነ ሆዱ ወደ ፊት ተገፍቶ፣ በእጁ ደግፎ፣ ላቡ እየወረደ አንድ ርምጃ፣ ሌላ ርምጃ። በዚያ ስብሰባ ከተነገረው ሁሉ ያልተጣመመ ትርጉም ያገኘነው ከኮሎኔሉ ከራሱ ሆድ ነው።

ደሳለኝ ዓይኑን አፍጥጦ ያያል። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ቀድሞ የነገረው የለም። ቤቷ ያረፈባት እህቱ፣ የባሻ ሚስት፣ ወሯ የገባ እርጉዝ ናት፤ በኮሎኔሉ ሆድ ያየው እሷን ነው።

ብድግ አለ።

«እህቴ እርጉዝ ናት!» ብሎ ጮኸ። ድንኳኑ የተናወጠ መሰለኝ። «ውሃውን አትንኩ!»

የካፒታኖው ፊት እንደ ተልባ እግር ልብስ ነጣ። ባሻ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። አሁን ዲዳው እሱ ሆነ። ተንኮሉ ከታወቀ እሱንም ደሳለኝንም ገመድ እንደሚጠብቃቸው ያውቃል። እኛንም ተባባሪ ብለው አብረው ሊሰቅሉን እንደሚችሉ እናውቃለን። እትዬ ዘሃራ እጄን ጨበጡኝ።

ኮሎኔሉ ባሻን አየ፤ መልስ የለም። ወደ አስካሪው ዞረና ጠየቀው። አስካሪው ጠመንጃውን አስተካክሎ እኛን አንድ በአንድ አየን። እኔን ሲያየኝ ምን እንደሚያስብ ማወቅ አልቻልኩም። ከዚያ በጣሊያንኛ ተናገረ። አጭር ነው። በኋላ እንደነገረኝ፣ የደሳለኝን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ነው የተረጎመው። በዚያ ቀን አስተርጓሚ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ኮሎኔሉ ቀስ ብሎ ወደ ደሳለኝ ሄደ። እጁ ወደ ወገቡ ሲሄድ ሽጉጥ የሚያወጣ መሰለኝ። መሐረብ ነው ያወጣው። ዓይኑን ጠረገ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ለካፒታኖው አንድ ነገር አለው። አስካሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዲዳ ተናገረ ይላል። በእኛ ባንዲራ ሥር ዲዳ ተናገረ፣ ይህ ለሮማ ይጻፋል ይላል» አለን።

ካፒታኖው እውነቱን ከመናገርና ተአምር ከመቀበል የቱ እንደሚሻለው ገባውና እሱም አማተበ።

አያ ታፈረ ይህን ሲሰሙ አልዘገዩም። ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ተአምር!» ብለው ጮኹ። ከገመዱ ወዲያ ያሉ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ግማሾቹ አምነው ነው፣ ግማሾቹ ገብቷቸው ነው።

እኔም ያኔ ነው ከየት እንደመጣ የማላውቀው ቃል አፌ ላይ የደረሰው። ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሣሁና አስካሪውን «እንዲህ በልልኝ» አልኩት። «ይህ ሰው አፉን የፈታው ስለ ውሃዋ ነው። ውሃዋ ከታጠረች ተመልሶ ይዘጋል።»

አስካሪው ተረጎመ። ኮሎኔሉ ደሳለኝን አየ። ደሳለኝም እግዜር ይስጠውና የነገሩን መንገድ አየው። አፉን ከፍቶ ሊናገር እየታገለ የማይወጣለት መሰለ። ኮሎኔሉ ደነገጠ። እየጮኸ ትእዛዝ ሰጠ። ምሳ ሳይበላ እንጨቱ ተነቀለ፤ ሽቦው ተመልሶ መኪና ላይ ወጣ።

ምንጯ ተረፈች። በሦስተኛው ሳምንት የእብነ በረድ ጽሑፍ መጥቶ አጠገቧ ተተከለ። መንግሥት ደካሞችን አማክሮ ምንጯን ለሕዝብ እንደሰጠ ይናገራል አሉን። ማንበብ የምንችል አልነበርንም።

ደሳለኝ ግን ከባድ ዕዳ ገባ። እንግዳ ከጎንደር በመጣ ቁጥር ወደ ምሽጉ እየጠሩ ያችኑ ቃል ያስደግሙታል። «ውሃውን አትንኩ» ሲል ያጨበጭባሉ። ስለ ገብሱ፣ ስለ በሬው፣ ስለ ግብሩ ሊናገር ሲጀምር «በቃ፣ በቃ» ይሉታል። አንድ ቀን ወጥቶ ቀረ። ወደ ጉና ወጥቶ ከሸፈቱት ጋር ተቀላቀለ አሉ። እህቱ በሰላም ወለደች።

ከስብሰባው ማግስት አራታችን አንድ ወይራ ሥር ተቀምጠን ነበር። እኔ ውሃዋ በመትረፏ ደስታ አስክሮኛል። ጋሽ ንጉሤ ግን አልሳቁም።

«ጥሩወርቅ፣» አሉኝ፣ «እኔን ዲዳ ነው ያለኝ የለም። ጮኼ ነው የተናገርኩት። ማን ሰማኝ? እንዲሰሙን ዲዳ ሆነን መወለድ ነበረብን?»

የዚያን ቀን ግን ወንበራቸውን ራቅ አድርገው እንዲያስቀምጡ የሚያዛቸው ስላልነበረ፣ ከእኛ ጋር አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ጀምሮ በየገበያው ቀን እዚያው እንገናኝ ጀመር። ማንም ሳይጠራን፣ ማንም ነጠላ ሳያለብሰን። ጎረቤት የተጣላ፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ርስቷን የተነጠቀች ባልቴት እየመጣ አብሮን ይቀመጣል።

አንባቢ ሆይ፣ ያ ስብሰባ ምን ለወጠብሽ ብትለኝ፣ ድፍረት ሰጠኝ ብዬ አልዋሽህም። ዛሬም ሰው ፊት መቆም እፈራለሁ። የለወጠብኝ አንድ ነገር ነው። ድሮ የማልደመጠው ድምፄ ትንሽ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን የኮሎኔሉን ጭብጨባ ሰማሁ። እውነቱን ተናግረን በጭብጨባ ተቀበረ፤ የረባን ደግሞ የሐሰት ተአምር ነው። እኔ ይህን ድል አልለውም። ውሃ ጠጣንበት እንጂ አልተሰማንበትም። እናንተም አንድ ቀን ለምክር ብትጠሩ፣ ስለሚሰጧችሁ ወንበርና ስለ ክብሩ አትጠይቁ። ነገሩ ተቆርጦ እንደሆነ ብቻ ጠይቁ።

እኔ ጠይቄያለሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የራሳችን ሹም ተሾመልን። እሱም ደግ ሰው ነበር፤ የሚሾሙብን ሁሉ ደጎች ናቸው። ጋሽ ንጉሤንና መሰሎቻቸውን ከከተማው ሥር አንሥቶ ሩቅ ቦታ ሊያሰፍር አሰበና ወይራ ሥር የምንቀመጠውን ሁሉ አስጠራን።

«ጌታዬ፣ ነገሩ ተቆርጧል ወይስ ገና ነው?» አልኩት።

«ተቆርጧል፤» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «ቢሆንም የእናንተን ቃል መስማት ደግ ነው።»

«እንግዲያው በራስዎ ስም ያድርጉት። በእኛ ስም ግን አይሁን።»

አያ ታፈረ ቀድመው ተነሡ። እትዬ ዘሃራ ልጃቸውን ተደግፈው ተከተሉ። ወጣን። እንታሰራለን ብዬ ስንቄን እስከማዘጋጀት ደርሼ ነበር። ሊይዘን የመጣ ግን አልነበረም።

ከቀናት በኋላ ጋሽ ንጉሤ ጎጆ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ ሹሙ በበቅሎ መጣ። ራቅ ብሎ ቆመ። አሽከሩ እዚያው ሆኖ እንዲነጋገር ነገረው። ሹሙ ትንሽ አመነታና ወረደ፤ ጋሽ ንጉሤ አጠገብ እስኪደርስ ተራመደ።

«የቆረጥኩትን ትቼዋለሁ» አላቸው። «የት ብትሆኑ ይሻላችኋል?»

ጋሽ ንጉሤ አየት አደረጉትና አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ ጣት በሌለው እጃቸው ጠረጉለት።

«ቁጭ ይበሉ፤» አሉት፣ «ነገሩ ረጅም ነው።»